የሸክላ አያያዝና የመጀመሪያ ማጫወቻ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከደብረ ብርሃን፣ ከሸዋ ሮቢትና ከመንዝ ሰዎች ስለ ዘፈን ሸክላ ደጋግመው የሚጠይቁኝን ከቀላሉ ጀምሬ ወደ ከባዱ እየሄድኩ መልሻለሁ።

ሸክላ ሁሉ አንድ ነው እንዴ?

አይደለም። መሃሉ ላይ የተለጠፈውን ወረቀት እዩ፤ 33፣ 45 ወይም 78 የሚል ቁጥር ታገኛላችሁ። በደቂቃ ስንት ጊዜ እንደሚዞር ነው የሚነግራችሁ። 33 የሚለው ትልቁ ነው፤ ወርዱ 30 ሴንቲ ሜትር ያህላል፣ በአንድ ገጹ 20 ደቂቃ ገደማ ይይዛል። 45 ትንሹ ነው፤ በአንድ ገጽ አንድ ዘፈን። እኛ አገር በየሰዉ ቤት የሚገኘው በብዛት ይሄ ነው። አምሃ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 የጀመረው አምሃ ሪከርድስ ካሳተማቸው ሸክላዎች አብዛኞቹ 45 ናቸው።

78 የጥንቱ ነው። የተሠራው ከፕላስቲክ ሳይሆን ሼላክ ከሚባል ሙጫ መሰል ነገር ነው። ይከብዳል፤ ከእጅ ካመለጠ ደግሞ እንደ ጀበና ይሰበራል። የምንጃሩ ሰው ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1908 ጀርመን ሄደው ድምፃቸውን ያስቀረጹት በዚያ ዘመን ሸክላ ነው። ቤታችሁ 78 ካለ ከሌሎቹ ለይታችሁ አስቀምጡት፤ አጠባውም መርፌውም የተለየ ነው።

የአባቴ ሸክላዎች ሣጥን ውስጥ 40 ዓመት ተቀምጠዋል። አውጥቼ ላጫውታቸው?

ዛሬ አይሆንም። በጣም እንደምትጓጉ አውቃለሁ፤ እኔም የአጎቴን ሣጥን የከፈትኩ ቀን እጄ እየተንቀጠቀጠ ነበር። ግን 40 ዓመት የተጠራቀመ አቧራ ጥቃቅን አሸዋ ማለት ነው። መርፌው አሸዋውን እየገፋ በቦዩ፣ ማለትም ዘፈኑ በተቀረጸበት ቀጭን መስመር ውስጥ ሲሄድ የቦዩን ግድግዳ ይፍቀዋል። አንዴ የተፋቀ አይመለስም።

በተለይ ከሸክላው ጋር አብሮ የተቀመጠውን አሮጌ ማጫወቻ ሰክታችሁ ወዲያው አትሞክሩ። መርፌው አልቆ ሊሆን ይችላል፣ ያለቀ መርፌ ደግሞ ስለት ነው። ማጫወቻ ዛሬም ነገም ይገዛል። አባታችሁ የገዙት ያ 45 ሸክላ ግን ምናልባት ከቀሩት ጥቂቶች አንዱ ነው። መጀመሪያ ይታጠብ፣ ቀጥሎ ደህና ማጫወቻ ይፈለግ፣ ከዚያ ይደመጣል።

እሺ፣ በምን ነው የማጥበው?

አቧራው ቀላል ከሆነ ደረቅ ለስላሳ ብሩሽ ይበቃዋል። ሸክላው እየዞረ ብሩሹን በስሱ አስነክታችሁ ያዙ፣ አቧራውን ሲሰበስብ ወደ ውጭ አውጡት። ይህን ከማጫወታችሁ በፊት ሁልጊዜ አድርጉ።

የቆሸሸውን ግን ማጠብ ነው። የቧንቧ ውሃ አይሆንም፤ ሲደርቅ ነጭ ነገር ይተዋል፣ እሱም ቦዩ ውስጥ ገብቶ ይንኳኳል። የሚያስፈልገው የተጣራ ውሃ ነው፤ ለመኪና ባትሪ የሚጨመረው ዲስትልድ ውሃ ማለት ነው። ስትገዙ ግን ውሃው መሆኑን አረጋግጡ፤ የባትሪ አሲድም እዚያው አጠገቡ ይሸጣል። አንድ ሊትር ውሃ ላይ አንድ ሁለት ጠብታ ላርጎ ጨምሩ፣ ከዚያ በላይ አይደለም። ንጹሕ ማይክሮፋይበር ጨርቅ አርሳችሁ፣ ጨምቃችሁ፣ የቦዩን አቅጣጫ ተከትላችሁ ዙሪያውን ጥረጉ። ከመሃል ወደ ዳር እየሳባችሁ አትጥረጉ። ቀጥሎ ሳሙና በሌለው የተጣራ ውሃ ድገሙት፣ በሌላ ደረቅ ጨርቅ አድርቁት፣ ሳህን መደርደሪያ ላይ አቁማችሁ ተዉት። መሃሉ ያለውን ወረቀት ውሃ እንዳይነካው። ኦሞና የልብስ ሳሙና የተከለከለ ነው። የመንዝ ባና፣ ነጠላ፣ የሸሚዝ እጅጌም አይሆኑም፤ ወይ ይፍቃሉ ወይ ክራቸውን ይተዋሉ።

በአረቄ ባጥበውስ? አልኮል አይደል?

ደብረ ብርሃን ላይ ይህን የማይጠይቀኝ የለም። መልሱ አይሆንም ነው። አረቄ ውስጥ ከአልኮሉ ሌላ ብዙ ነገር አለ፣ እሱ ሲደርቅ ሸክላው ላይ ይቀራል። ፋርማሲ የሚሸጠውን ንጹሕ አይሶፕሮፒል አልኮል ለ33 እና ለ45 በጣም ጥቂት፣ ከተጣራ ውሃ ጋር ቀላቅሎ መጠቀም ይቻላል፤ የጣት አሻራና የቅባት እድፍ ያስለቅቃል። 78 ላይ ግን ጠብታም እንዳታስነኩት። አልኮል ሼላክን ያሟሟል። ዓይናችሁ እያየ ሸክላው ይበላሻል። ቤንዚን፣ ነጭ ጋዝና ቀለም ማስለቀቂያም ለየትኛውም ሸክላ አይሆኑም።

የት ላስቀምጣቸው? ደብረ ብርሃን ብርድ ነው፣ ሸዋ ሮቢት ሙቀት።

ብርዱ አያሳስባችሁ። ሸክላን የሚገድለው ሙቀትና ክብደት ነው። ደብረ ብርሃን ከ2,700 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ ቀዝቃዛና ጥላ ያለው ክፍል ለሸክላ ጥሩ ቤት ነው። አደጋው የጣርማበርን ዋሻ አልፋችሁ ደብረ ሲናን ወርዳችሁ ቆላ ስትገቡ ነው። እኔ አንድ ጊዜ አራት ሸክላ መኪና ውስጥ ትቼ ሸዋ ሮቢት ምሳ በላሁ። ስመለስ ሦስቱ እንደ ቆሎ መቁያ ምጣድ ጎብጠው ነበር። ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ውስጡ ለሸክላ ምድጃ ነው። መስኮት ዳር፣ ቆርቆሮ ጣሪያ ስር ያለ ቆጥ፣ ምድጃ አጠገብ፣ እነዚህም ያው ናቸው።

ሁልጊዜ እንደ መጽሐፍ ቀጥ አድርጋችሁ አቁሟቸው። አንዱን በአንዱ ላይ አትከምሩ፤ የታችኞቹ ይጣመማሉ፣ ሽፋናቸውም ይፋቃል። አዘንብላችሁም አትተዉ። መደርደሪያው ደግሞ ጠንካራ ይሁን፤ 200 ትልልቅ ሸክላ ከነሽፋኑ ወደ 50 ኪሎ ይመዝናል፣ ማለትም ግማሽ ኩንታል ጤፍ። የተቀደደ ሽፋን በስኮች ፕላስተር አትጠግኑ። ሙጫው ከዓመታት በኋላ ቢጫ ሆኖ ወረቀቱን ይበላዋል። ከውጭ የሚለብስ ላስቲክ አልብሱትና እንዳለ ተዉት።

በክረምት ሻጋታ፣ በበጋ ደግሞ ኤሌክትሪክ ይነዝረኛል። ምን ላድርግ?

ሻጋታው የሚወደው እርጥብ ግድግዳና የታፈነ አየር ነው። ሣጥኑን ከግድግዳው አንድ ጋት አርቁት፣ መሬት ላይ አታስቀምጡት፣ ብራ በሆነ ቀን ክፍሉን አናፍሱ። ሻጋታ የያዘው የውስጥ ወረቀት ይጣል፣ ሸክላው ይታጠብ፣ በአዲስ ወረቀት ይግባ። ከብርድ ክፍል ያመጣችሁትን ሸክላ እሳት ወዳለበት ክፍል ስታስገቡ ላብ ያወጣል፤ ከሽፋኑ ሳታወጡ ግማሽ ሰዓት ያህል ቆይቶ ክፍሉን ይልመድ።

በበጋ፣ በተለይ በኅዳርና በታኅሣሥ፣ አየሩ ደረቅ ነው። ሸክላው ከወረቀቱ ሲወጣ ቻቻ ይላል፣ አቧራ እንደ ማግኔት ይስባል። በደረቅ ጨርቅ ፈትጋችሁ አታብሱት፣ ይብስበታል። ፀረ ስታቲክ የሆነ፣ ማለትም ይህን ኤሌክትሪክ የሚያጠፋ፣ የካርቦን ፋይበር ብሩሽ ካገኛችሁ ግዙ። በዚህ ሥራ ካወጣሁት ገንዘብ ሁሉ ከልቤ የማልጸጸትበት እሱ ነው። አንዴ በውሃ የታጠበ ሸክላም ኤሌክትሪኩ በጣም ይቀንስለታል።

ቡና እየተፈላ ሸክላ መስማት ችግር አለው?

እንዴት ይከለከላል! ሸክላ ለዚህ ካልሆነ ለምን ይሆናል። ግን የእጣንና የከሰል ጭስ ውስጥ ቅባት አለ፣ ሸክላው ላይ ያርፋል፣ አቧራ ያጣብቅበታል። ማጫወቻውን ከረከቦቱ ራቅ አድርጉ፣ ክዳኑን ዝጉ፣ ያልተራውን ሸክላ ወደ ሽፋኑ መልሱ። ከሁሉ በላይ እጅ። ፈንዲሻና ዳቦ የነካ እጅ ታጥቦ ይምጣ፤ ሸክላውም የሚያዘው በጠርዙና በመሃሉ ወረቀት ብቻ ነው።

ለጀማሪ የትኛውን ማጫወቻ ልግዛ?

አዲስ ከፈለጋችሁና ቀላል እንዲሆን ከፈለጋችሁ ኦዲዮ ቴክኒካ ኤልፒ60ኤክስ የሚባለውን ነው የምለው። ቁልፍ ስትጫኑ መርፌውን የያዘው ክንድ ራሱ ሄዶ ይቀመጣል፣ ሲጨርስም ራሱ ይመለሳል። 33 እና 45 ያጫውታል። ፎኖ ፕሪአምፕ ውስጡ አለው፤ ይህ ምን እንደሆነ ዝቅ ብዬ እነግራችኋለሁ። መርፌው ሸክላው ላይ የሚጭነው ክብደት ከፋብሪካ ተስተካክሎ ነው የሚመጣው። አያት ቤት ለሚቀመጥ፣ ልጆችም ለሚነኩት፣ ከዚህ የተሻለ አላውቅም።

አቅሙ ካለና መማር ከፈለጋችሁ ኤልፒ120ኤክስ አለ። ሸክላው የሚቀመጥበትን ሳህን ሞተሩ በቀጥታ ነው የሚያዞረው፣ ቺንጋ የለውም። 78ም ያጫውታል፣ ግን ለ78 የተሠራ መርፌ ለብቻው መግዛት ይኖርባችኋል። የ78 ቦይ ሰፊ ነው፤ የተለመደው ቀጭን መርፌ ታች ወርዶ ቆሻሻው ላይ ነው የሚጎተተው። ያገለገለ ከሆነ የምትገዙት ሻጩ ፊት አጫውታችሁ ስሙ። አንገቱን ያዝ አድርጋችሁ ክንዱ የሚወላገድ ከሆነ ተዉት። ቺንጋው መላላቱ ግን አያስፈራም፣ ይቀየራል።

በሻንጣ መልክ የሚሸጠው ርካሹስ?

አልመክርም። ያምራል፣ ስፒከሩም አብሮት ነው፣ ለስጦታ ይመቻል። ነገር ግን አብዛኞቹ ላይ ያለው ካርትሪጅ፣ ማለትም መርፌውን ይዞ ንዝረቱን ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይረው ክፍል፣ የሴራሚክ ነው። ክንዱ ሸክላው ላይ የሚጭነው ክብደት አምስት ስድስት ግራም ይደርሳል፣ ማስተካከያም የለውም። ደህና ማጫወቻ ላይ ይህ ክብደት ከ2 እስከ 3 ግራም ነው። ስፒከሩ ደግሞ መርፌው ካለበት ሣጥን ውስጥ ስለሆነ ድምፅ ሲጨምር ሁሉም አብሮ ይንቀጠቀጣል። ዛሬ ውጭ አገር እየታተመ የሚሸጥ አዲስ ሸክላ ብታጫውቱበት ሌላ መግዛት ትችላላችሁ። የአባታችሁን ግን አታስነኩት።

ማጫወቻውን ቀጥታ ስፒከር ላይ መሰካት አይቻልም?

መሃል ላይ ሁለት ነገር ይፈለጋል። አንደኛው ፎኖ ፕሪአምፕ ነው። ከመርፌው የሚወጣው ኤሌክትሪክ በጣም ትንሽ ነው፣ ጥቂት ሚሊ ቮልት ብቻ። በዚያ ላይ ሸክላ ሲቀረጽ ወፍራሙ ድምፅ ሆን ተብሎ ይቀነሳል፣ ቀጭኑ ይጨመራል። እንዲህ ካልተደረገ ወፍራሙ ቦዩን ያሰፋውና ሸክላው ጥቂት ደቂቃ ብቻ ይይዛል። ፕሪአምፑ ድምፁን አጉልቶ ሚዛኑን ይመልሰዋል። ያለ እሱ የሩቅ ሬዲዮ የመሰለ ቀጭን ድምፅ ነው የምትሰሙት። ሁለተኛው አምፕሊፋየር ነው፤ አምፕ ውስጡ ያለው ስፒከር ከገዛችሁ ለብቻው አያስፈልግም።

ቤት ውስጥ የድሮ ዴክ ካለ ጀርባውን እዩ። ፎኖ የሚል ቀዳዳ ካለው ፕሪአምፕ አለው ማለት ነው። ማጫወቻችሁም የራሱ ካለው ከጀርባው ያለውን ማብሪያ አንዱ ብቻ እንዲሠራ አድርጉት። ሁለቱ አብረው ሲሠሩ ድምፁ ይሰነጠቃል። ብዙ ሰው ማጫወቻው ተበላሸ ብሎ የሚያመጣልኝ በዚህ ምክንያት ነው።

መርፌ መቼ ይቀየራል?

የአልማዝ መርፌ እንደ ዓይነቱ ከ500 እስከ 1,000 ሰዓት ይሠራል። በቀን አንድ ሰዓት የምትሰሙ ከሆነ 500 ሰዓት ማለት ከአንድ ዓመት ከአራት ወር በላይ ነው። ስ እና ሽ የሚሉ ድምፆች መጮህ ከጀመሩ፣ በተለይ የገጹ መጨረሻ ላይ፣ ጊዜው ደርሷል። ያገለገለ ማጫወቻ ስትገዙ ደግሞ ሻጩ ምንም ቢላችሁ መርፌውን ቀይሩ። አቧራ ሲይዘው በትንሽ ለስላሳ ብሩሽ ከኋላ ወደ ፊት ጥረጉት፤ ከፊት ወደ ኋላ ወይም ወደ ጎን ከሆነ ይሰበራል። በጣት አይነካም።

45ቱ መሃሉ ትልቅ ቀዳዳ አለው፣ አይቀመጥም።

አስማሚ ያስፈልገዋል፤ ክብ ትንሽ ፕላስቲክ ናት፣ ከአዲስ ማጫወቻ ጋር ብዙ ጊዜ አብራ ትመጣለች። ከጠፋች በካርቶን ቆርጣችሁ አትሥሩ። መሃሉን በትንሹ ከሳተ ድምፁ ይወላገዳል።

ስሰማ ይጮሃል፣ ወፍራም እምምም የሚል ድምፅ አለው።

መጀመሪያ ከማጫወቻው የምትወጣውን ቀጭን የግራውንድ ሽቦ ፈልጉ። ካለች አምፑ ወይም ፕሪአምፑ ላይ ካለችው ብሎን ጋር እሰሯት። አብዛኛው ጊዜ እዚያው ያበቃል።

ድምፁ ስትጨምሩት ብቻ እየጎላ የሚመጣ ከሆነ ግን ስፒከሩ ማጫወቻውን እያንቀጠቀጠው ነው። አንድ ጠረጴዛ ላይ አታድርጓቸው። የጣውላ ወለል ያላቸው የድሮ ቤቶች ላይ ሰው ሲራመድ እንኳ መርፌው ይዘላል፤ እስክስታ የተጀመረ ዕለትማ አይጠየቅም። መፍትሔው ግድግዳ ላይ የተመታ መደርደሪያ ነው። ማጫወቻው ቀጥ ብሎ መቀመጡንም ከግንበኛ ጎረቤት ውሃ ልክ ተውሳችሁ እዩ።

አንድ ቦታ ላይ ደጋግሞ ይዘላል። ክንዱ ላይ ሳንቲም ላድርግ?

ድሮ ሁሉም ያደርገው ነበር። አታድርጉ። ሳንቲሙ መርፌውን በግድ ያሳልፈዋል፣ ግን በየቦታው ያለውን ቦይ እያረሰ ነው የሚያልፈው። ቦታውን ብርሃን ላይ እዩት። ቆሻሻ ከሆነ በማጠብ ይለቃል። ጭረት ከሆነና ጥፍራችሁ ከተሰማው አይጠገንም። መርፌው የሚጭነው ክብደት ከሚገባው በታች ሆኖም ሊሆን ይችላል፤ የቀለለ መርፌ በቦዩ ውስጥ ስለሚንገላታ እሱም ይጎዳል። ካርትሪጁን የሠራው ፋብሪካ ያለውን ቁጥር በትንሽ የግራም ሚዛን ለክታችሁ አስተካክሉ።

ዘመድ ከአሜሪካ ማጫወቻ ላከልኝ፣ በትራንስፎርመር አስነሳሁት፣ ግን ዘፈኑ ይጎተታል።

ይህ ብዙ ሰው ያሳበደ ነገር ነው። ሞተሩ አልደከመም፣ ቺንጋውም አልላላም። የአሜሪካ መብራት 120 ቮልት ብቻ ሳይሆን 60 ኸርዝ ነው፣ ማለትም በሴኮንድ 60 ጊዜ ይመላለሳል፤ የእኛ 220 ቮልትና 50 ኸርዝ። ትራንስፎርመር ቮልቱን ያወርዳል፣ ኸርዙን ግን አይነካውም። ብዙ አሮጌ ማጫወቻዎች ላይ ያለው ሞተር ፍጥነቱን የሚወስደው ከኸርዙ ነው። ስለዚህ 45 የነበረው በ37.5 ይዞራል፣ 33 የነበረው ወደ 28 ይወርዳል። የሦስት ደቂቃ ዘፈን ሦስት ደቂቃ ከ36 ሴኮንድ ይሆናል፣ ሴቷ ድምፃዊት እንደ ወንድ ትጎረናለች። እኔ ራሴ የመጀመሪያዬን የገዛሁበት ሱቅ ትራንስፎርመር ብቻ ሸጦልኝ ስንት ወር ሞተሩን ሳስፈታ ከረምኩ።

ለማረጋገጥ ሳህኑ ጠርዝ ላይ ቁራጭ ወረቀት ለጥፉና መርፌው ወርዶ እየተጫወተ በአንድ ደቂቃ ስንት ጊዜ እንደሚዞር ቁጠሩ። 45 መሆን ያለበት 37 ወይም 38 ከመጣ ነገሩ ይኸው ነው። ቀጥሎ ሆዱን ወይም ጀርባውን እዩ፤ አንዳንዶቹ 50 እና 60 የሚል መቀየሪያ አላቸው። ከሌለው ለ50 ኸርዝ የተሠራ ፑሊ፣ ማለትም ሞተሩ ጫፍ ላይ ያለችው ትንሽ ክብ፣ ይፈለጋል፤ ከነበረው 20 በመቶ ገደማ የሚወፍር ነው። ጎበዝ የቶርኖ ባለሙያም ይሠራዋል፣ ግን ትንሽ ከሳተ ድምፁ ላይ ይታወቃል። አዳዲሶቹ ቀጥታ ዲሲ አዳፕተር ያላቸው ግን ይህ ችግር የለባቸውም፤ አዳፕተሩ ላይ ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚል ካነበባችሁ ያለ ትራንስፎርመር ሰኩት። መብራት የሚዋዥቅበት ሰፈር ከሆናችሁ ስታቢላይዘር ጨምሩ። መብራት ሲጠፋ ደግሞ መርፌውን ቶሎ አንሱት።

የተጣመመ ሸክላ ይቃናል?

ትንሽ ጎበጥ ያለው ካጫወተ እንዳለ ተዉት። የባሰው ከሆነ በሁለት ወፍራም መስታወት መካከል አስተኝታችሁ ከላይ ከባድ መጻሕፍት ጭናችሁ ለሳምንታት ተዉት፤ አንዳንዱ ይመለሳል። ምድጃ ላይ ማሞቅ የሚሉ አሉ። ሸክላው ቢቃና እንኳ ቦዩ ይቀልጥና ዘፈኑ ይጠፋል።

አንድ ብቻ ያለኝን ሸክላ ወደ ኮምፒውተር ማስገባት እፈልጋለሁ። እንዴት?

ታጥቦ፣ መርፌው አዲስ ሆኖ፣ አንድ ጊዜ ብቻ በደንብ ይቀረጽ። ዩኤስቢ ያለው ማጫወቻ ቀጥታ ኮምፒውተር ላይ ይሰካል። የሌለው ከሆነ ከፕሪአምፑ በኋላ ላይን ኢን በሚባለው የኮምፒውተሩ የድምፅ ማስገቢያ ቀዳዳ ይገባል። ኦዳሲቲ የሚባለው ፕሮግራም ነፃ ነው፣ ይበቃል። የድምፁን መጠን ቀይ እንዳይነካ ዝቅ አድርጉ፣ በዌቭ ፋይል አስቀምጡ፤ ኤምፒ3 ለስልክ ከፈለጋችሁ ከዚያ ቅዱት። ፕሮግራሙ ቅጭልጭሉን ሁሉ ልጥረግ ቢላችሁ ዋናውን ሳይነካ ቅጂው ላይ ብቻ ይሥራ፤ ብዙ ሲጠርግ የማሲንቆውንና የሳክስፎኑን ጫፍ አብሮ ይቆርጣል። ሽፋኑንና የመሃሉን ወረቀት ሁለቱንም ገጽ ፎቶ አንሱ። ፋይሉን ቢያንስ ሁለት ቦታ አስቀምጡ፣ አንዱ ከቤት ውጭ፣ ለምሳሌ አዲስ አበባ ያለች እህታችሁ ጋ።